እማማ በእጃቸው የመረጡት ቴሌቪዥን

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

ሥራ። ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ ፓርኪንግ። ቀኑን ሙሉ የኤርፖርት አውቶቡስ ነድቼ የትም ሳልደርስ ዋልኩ። አንዱ ተሳፋሪ የሌላ ሰው ሻንጣ ይዞ ወርዶ፣ እሱን ስናፈላልግ ምሳዬ ቀረ።

ቤት ስገባ አማቴ እማማ ብርቅነሽ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስግገው ስብከት ይከታተላሉ። ጁን ላይ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ይዘው የመጡት ሁለት ሻንጣ ሽሮና አንድ መመሪያ ነው። መመሪያው፦ «ለእኔ ብላችሁ ምንም እንዳታደርጉ።»

ቴሌቪዥናችን ሠላሳ ሁለት ኢንች ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ እንኳ ንቆት ትቶት የሄደ። በግራ በኩል አረንጓዴ መስመር አለበት። ኳስ ሳይ አንድ ተጫዋች መስመሩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ እስኪወጣ ጎል ገብቷል። ለባለቤቴ ለልዩ ስንት ጊዜ አቤት አልኩ? መልሷ አንድ ነው፤ የሚሠራ ነገር አይጣልም። ይግባኝ የለውም።

ዛሬ ግን እማማ ድንገት፣ «ይሄ ቴሌቪዥን ደብዘዝ አላለባችሁም?» አሉ።

ልዩ ከኩሽና ቀና አለች። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ለራሴ እንዳልሆነ... ነገር ግን የአንድ እናት መንፈሳዊ ምግብ በአረንጓዴ መስመር ሲቋረጥ ዝም ብዬ ማየት እንደሚከብደኝ... ረጅም ነበር። ጥሩ ተናገርኩ። ፓርላማ ቢሆን ይጨበጨብልኝ ነበር።

«ለእማዬ ከሆነ እሺ» አለች። «ከአራት መቶ ዶላር ግን አንድ ሳንቲም እንዳታልፍ።»

ጌታ የአማቶችን አንደበት ይባርክ።

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

በእረፍት ሰዓት አሌክስ ጋ ሄድኩ። እሱም እንደኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በቴሌቪዥን ጉዳይ ግን ራሱን ነቢይ አድርጎ ከሾመ ቆይቷል።

ሳንድዊቹን አስቀመጠ፤ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። ኦሌድ የሚባል የስክሪን ዓይነት እንዳለ፣ እሱ ላይ ጥቁር በእውነት ጥቁር እንደሆነ ገለጸልኝ። ጥቁር እንዴት ጥቁር ሳይሆን ይቀራል? አልኩት። የእናንተ ቤት ጥቁር ግራጫ ነው፣ ለምዳችሁት ነው አለኝ። በጀቴን ስነግረው ለረጅም ጊዜ አዘነልኝ።

«በአራት መቶ ጥቁር አይገኝም፣ ወንድሜ። ግራጫ ነው የሚደርስህ።»

ከዚያ ትምህርቱ ቀጠለ። ሶፋችሁ ከግድግዳው ስምንት ጫማ የሚርቅ ከሆነ ሃምሳ አምስት ኢንች ይበቃሃል፣ ከዚያ በላይ ትዕቢት ነው። ፎር ኬ የሚሉት ጥራት የሌለውን ቀና ብለህ እንዳታይ። ምስሉ በሰከንድ መቶ ሃያ ጊዜ ይታደሳል፣ መቶ ሃያ ኸርዝ ነው ቢሉህ አትመን፤ በዚህ ብር የሚሰጡህ ስድሳ ነው፣ ሌላው ማስታወቂያ ነው። ያለፈውን ዓመት ሞዴል ፈልግ። ትልቁን የቅናሽ ቀን፣ ብላክ ፍራይደይን አትጠብቅ፣ ከሳምንት በፊት ዋጋው መውረድ ይጀምራል። ሱቅ ውስጥ አይተህ አትፍረድ፤ እዚያ ብርሃኑን የለቀቁት ሰው እንዲያሳውር ነው።

ስብከት እንዲህ አዳምጬ አላውቅም። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

አንድ ነገር አየሁ። ባላየው ይሻል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነው። ሶፋው ላይ ተጋድሜ በስልኬ ቴሌቪዥን የሚተቹ ሰዎች እያየሁ ነበር፤ ድምፁን አጥፍቼ። የልዩ የሥራ ጃኬት ኮሪደሩ ላይ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። እማማ ከመኝታ ቤት ወጡና ቆሙ።

«ገባሽ ልጄ? ደክሞሽ የለ፣ ምን ያቆምሻል?»

ለጃኬቱ ነው። ጃኬቱ አልመለሰም። ሳቄ መጣ፤ በትራስ ላፍነው ስል እማማ ተጠግተው እጅጌውን በእጃቸው ነኩት። ደነገጡ። ከዚያ ዘወር ዘወር ብለው ያየ ሰው መኖሩን ቃኙ። ከእሳቸው ሦስት እርምጃ እርቄ የተጋደምኩትን ግንድ የሚያህል ሰው... አላዩኝም። ግድግዳውን እየዳበሱ ተመለሱ።

ሳቄ መሃል መንገድ ላይ ቀረ።

ለምን ዝም አልኩ? «እማማ፣ አለሁ» ማለት ምን ያቅታል?

ማታ ለልዩ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሰብኩ። ችግሩ ዓይናቸው ከሆነ ቴሌቪዥኑ አይደለም። ቴሌቪዥኑ ካልሆነ ደግሞ አራት መቶው የለም... «ዛሬ ብርድ ነው አይደል?» አልኳት።

ኮሪደሩ ጨለማ ስለሆነ ነው። ከሰዓት በኋላ ቢሆንም። አዎ፣ አምፖሉ ነው።

ኖቬምበር 9፣ እሁድ

የኮሪደሩን አምፖል ቀየርኩ። ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ማለት ይሄ ነው።

ኖቬምበር 15፣ ቅዳሜ

ልዩ፣ እማዬን ይዘሃት ሂድ፣ የምታየው እሷ ናት፣ ራሷ ትምረጥ አለችኝ። ስለዚህ አርሊንግተን ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድን። እማማ የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው። ቴሌቪዥን ሊገዙ ሳይሆን ሊድሩ የሚሄዱ ነበር የሚመስሉት።

አንድ ግድግዳ ሙሉ ቴሌቪዥን። በአንዱ ዓሣ ይዋኛል፣ በአንዱ ማር ይንጠባጠባል፣ በአንዱ አበባ ይፈነዳል። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የትኛው ይሻላል እማማ? ስላቸው ሁሉም ያምራሉ አሉ። ፊታቸው ግን ወደ ማቀዝቀዣዎቹ ዞሮ ነበር።

ክንዳቸውን ይዤ አዞርኳቸው።

ከዚያ መምረጥ ጀመሩ። በእጃቸው። ጠርዙን ይዳብሳሉ፣ መስተዋቱን በመዳፋቸው ይነካሉ። «ይሄ ይሞቃል። ይሄኛው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ይሄ ጠርዙ ሻካራ ነው፣ ልጅ ይቆርጣል።» ልጅ የለንም። ሻጩ እጁን አጣጥፎ በአድናቆት ሲከታተል ቆይቶ፣ ምን እያደረጉ ነው አለኝ። የአሠራሩን ጥራት እየመረመሩ ነው ብዬ ተረጎምኩ። ባለሙያ ናቸው አለ። ናቸው አልኩ።

በመጨረሻ እጃቸው ሃምሳ አምስት ኢንቹ ላይ አረፈ። ያለፈው ዓመት ሞዴል፣ ፎር ኬ፣ ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ ከአራት መቶ በታች የሚወርደው። ስልኬ ላይ ለሳምንት ስመኘው የነበረው። እውነቱን ልጻፈው፤ እጃቸው እዚያ ሲደርስ «ይሄስ?» ያልኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ላይ አላልኩም።

«ይሄ ደህና ነው» አሉ። «አንተ ከወደድከው።»

ኖቬምበር 16፣ እሁድ

ልዩ፣ «ራሷ መረጠች?» አለችኝ።

«ራሳቸው» አልኳት። በዓይናቸው አላልኩም። ስለዚህ ውሸት አይደለም።

ነው እንጂ። ነው።

ኖቬምበር 21፣ ዓርብ

መጣ። አሌክስ ግድግዳው ላይ ሊሰቅልልኝ መጥቶ፣ ግማሹን ጊዜ ስለ ግራጫ አስተዛዘነኝና ሄደ። አሮጌውን አውጥተን ቆሻሻ መጣያው አጠገብ አቆምነው፤ ሳንመለስ ወስደውታል። ማን ይሆን ዕድለ ቢሱ?

ስከፍተው ገና ምንም አልተሰካም። ወለል ያለ ሰማያዊ ባዶ ስክሪን፣ ጥግ ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጉንዳን የሚያክል ጽሑፍ። ገመዱን ፍለጋ ጎንበስ ስል እማማ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ወይ ግሩም» አሉ ቀስ ብለው። «እንዴት ያለ የጠራ ሰማይ ነው። ደመና እንኳ የለበትም።»

ከጎነበስኩበት አልተነሣሁም።

ከዚያ ምርቃቱ መጣ። ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ... ማለቴ ወደ መብራቱ ዘርግተው። ቤትህ ይሙላ፣ እጅህ አይጠር፣ የልብህን ይስጥህ፣ ለእኔ እንዳሰብክ ጌታ ያስብልህ። ልዩ ከኩሽና «አሜን» ትላለች። የሰማችው ምርቃቱን ብቻ ነው። ሰማዩን አላየችም።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ገመዱን ሰካሁት።

ምስሉ ጉድ ነው። የሰባኪው ከረባት ላይ ያለው ክር ይቆጠራል። ለማን ነው የሚቆጠረው? ለእኔ።

ኖቬምበር 23፣ እሁድ

ከአምልኮ በኋላ ማስታወቂያ የሚያነበው ወንድም ተስፋ መድረክ ላይ ወጣ። የተስፋ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ግማሹ አማርኛ። «ቅዱሳን፣ ኔክስት ሰንደይ ከፕሮግራም በኋላ እታችኛው አዳራሽ ፍሪ ስክሪኒንግ አለን። በተለይ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ።»

ፊልም ሊያሳዩ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ፕሮጀክተር መግዛቱን ሰምቻለሁ። ከእኔ ሃምሳ አምስት ኢንች ጋር ማወዳደር አለብኝ።

ኖቬምበር 27፣ ሐሙስ

ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖች የምስጋና ቀን። ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት ፉትቦል። እማማ አጠገቤ ቁጭ ብለው ያያሉ። ይሰማሉ ልበል።

«አሁን ኳሱን የያዘው የእኛ ነው?»

«የእኛ ነው፣ እማማ።»

«ተመስገን።»

የእኛ አልነበረም። ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው። ሰሞኑን ያደረግኩት ሁሉ እሳቸውን ደስ እንዲላቸው ነው፤ የሚገርመው ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ።

ሳህኑ ላይ ሥጋ ሲያጡ ዝም ብዬ በሹካዬ ወደ እጃቸው እገፋላቸዋለሁ። ልዩ አይታኝ፣ እንዴት ትንከባከባታለህ አለችኝ። ሌላ ቁራጭ ገፋሁላቸው።

ኖቬምበር 30፣ እሁድ

ከየት ልጀምር?

ፈንድሻ ይዤ ነው የሄድኩት። ትልቅ ከረጢት። ፊልም ነው ብዬ። እማማን በቀኝ፣ ፈንድሻውን በግራ ይዤ፣ ልዩን አስከትዬ ታችኛው አዳራሽ ስገባ፦ የደም ግፊት መለኪያ፣ የስኳር መርፌ፣ ነጭ ጋውን የለበሱ የቤተ ክርስቲያናችን ነርሶች። ስክሪኒንግ ማለት ለካ ምርመራ ነው። አንድ ሽማግሌ ክንዳቸው ታስሮ እየተለኩ ፈንድሻውን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ?

መጨረሻው ጠረጴዛ የዓይን ነበር። እህት ሐዳሳ። በሥራዋ የዓይን ሐኪም ዘንድ ነርስ ናት። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች አሳየቻቸው። እማማ፣ እኔ ፈረንጅኛ አላነብም ልጄ አሉ። እውነት ነው፣ ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሐዳሳ እጇን ከፍ አደረገች።

«እሺ እማማ፣ ጣቴ ስንት ነው?»

«እንዳልሽው፣ ልጄ።»

«አይ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ስንት ነው?»

«ይባረክ እንጂ ስንትም ቢሆን።»

ሐዳሳ ሳቋን አቆመች። ትንሽ መብራት አውጥታ አንዱን ዓይን አየች፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያውን። የዓይን ሞራ ነው አለች። ሁለቱም ላይ። ቆይቷል፣ ነጭ ሆኗል። በኦፕሬሽን ይነሣል፣ አትደንግጡ፤ ግን ከዚህ በላይ መቆየት የለበትም። እማማ በቀስታ፣ ዕድሜ ነው ብዬ ነው አሉ። ከመጣሁ ስድስት ወር ሳይሞላኝ በሽታም ይዤ መጣሁ ልበል? አሉ።

ከዚያ ሐዳሳ ቀና ብላ፣ በክፋት ሳይሆን እንደ ነርስ፣ «ቤት ውስጥ ማንም አላየም?» አለች።

ልዩ ማልቀስ ጀመረች። ቴሌቪዥኑ ነው ብለን ነው ትላለች። ቀኑን ሙሉ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን ስጦር፣ የሰው እናት እያጠብኩ የራሴን ሳላይ ትላለች። እኔ እዚያ ቆሜያለሁ። ባዶ የፈንድሻ ከረጢት ይዤ።

አየሁ እኮ። ቤት ውስጥ አንድ ሰው አይቷል።

ዲሴምበር 3፣ ረቡዕ

መለስኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ አወረድኩት፣ በካርቶኑ ከተትኩት፣ አርሊንግተን ወሰድኩት። የምትመልስበት ምክንያት? አለችኝ ልጅቷ። ምስሉ ጥሩ አይደለም? ጥሩ ነው። ድምፁ? ጥሩ ነው። ታዲያ ምን ልጻፍ? ሌላ የሚለውን ምረጪ አልኳት። «ገዢው ተበላሽቷል» የሚል ምርጫ አልነበረም።

ሐዳሳ አዲሰን ውስጥ ኢንሹራንስ ለሌላቸው የሚቀንስ፣ በየወሩ የሚያስከፍል የዓይን ክሊኒክ አገናኘችን። ብሩ ለመጀመሪያው ክፍያ ሆነ።

ልዩ ባዶውን ግድግዳ አየች፣ እኔን አየች፣ አቀፈችኝ። ምንም ሳልጠይቅህ አለች።

የዛሬው እቅፍ የስርቆት ዕቃ ነው። ግን አልመለስኩትም።

ዲሴምበር 14፣ እሁድ

ዝናዬ ወጥቷል። ልዩ ለሁሉም ነግራለች፤ ገና ፕላስቲኩ ሳይላጥ፣ ሳልጠይቀው፣ ለእናቴ ዓይን ሲል... እህቶች ሦስት ዓይነት ወጥ አምጥተውልናል። አንዷ፣ ባል ማለት እንዲህ ነው ብላ የራሷን ባል አየችው። ባልየው እኔን አየኝ። ይህ ሰው አንድ ቀን ፓርኪንግ ውስጥ ይጠብቀኛል።

ወንድም ተስፋ፣ ኦፕሬሽኑ ሲያልቅ ምስክርነት አለባችሁ፣ አንተም ሞጌ፣ አጭርም ብትሆን፣ ለወጣት ባሎች ይጠቅማል አለኝ። ምን ብዬ ልመስክር? በጀቱን እንዴት እንዳስፈቀድኩ?

ወጡን በላሁ። ጣፋጭ ነበር። ይሄ ነው የባሰው።

ጃንዋሪ 15፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ዓይን። ቀኝ። ልዩ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ እሷ ይዛቸው ሄደች። እኔ ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ ፓርኪንግ... ስጸልይ ዋልኩ። ለዓይናቸው ነው የጸለይኩት? ወይስ ሲያዩኝ እንዳይገባቸው?

ጃንዋሪ 17፣ ቅዳሜ

ልዩ ሥራ ላይ ናት። ሻይ አቀረብኩላቸው። መሸፈኛው ትናንት ተነሥቷል። ስኒውን ሳይዳብሱ፣ ቀጥ ብለው አነሡ። ከዚያ ቀና ብለው ፊቴን አዩት። ረጅም። ፊቴ እንደሚሸሽ ያወቁ ይመስል።

«ሸብተሃል እንዴ አንተ?»

«ትንሽ።»

«ማንም አልነገረኝም።»

ተቀመጥኩ። ቀልድ ፈለግኩ፣ ሁልጊዜ አላጣም፤ አልመጣም። በቃ አወጣሁት።

«እማማ፣ እኔ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ዓይንዎን። ሱቅ ከመሄዳችን በፊት። ከልዩ ጃኬት ጋር ሲያወሩ ሶፋው ላይ ነበርኩ።»

ስኒውን አስቀመጡ።

«ያን ቀን ሱቁ ውስጥ... በእጄ ስዳብስ እያየኸኝ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ አያየኝም ብዬ ነው የዳበስኩት» አሉ።

ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ቢሰድቡኝ። ጠበቅኩ፣ አልመጣም። አስቤ ሳላበቃ ደግሞ ጠየቁኝ።

«ልዩ ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም።»

«ንገራት። እኔ ደብቄ አይቼዋለሁ፤ ምንም አይረባም።» ከዚያ ሻያቸውን ጠጡ። ሁለተኛ እንድቀዳላቸው አልጠየቁኝም፤ ተነሥተው ራሳቸው ቀዱ።

ጃንዋሪ 18፣ እሁድ

ነገርኳት። ልብስ ስታጣጥፍ ነበር። ጃኬቱን፣ ሱቁን፣ ሰማዩን... ሁሉን። «ይሄስ?» ያልኩትንም።

አልጮኸችም። የያዘችውን ፎጣ አጣጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጣጠፈች።

«እኔ ራሴን ስወቅስ እያየኸኝ ዝም አልክ» አለች።

እኔም... ልዩ፣ ሁለታችንም እኮ... ብዬ ጀመርኩ። ምን ዓይነት ምላስ ነው ያለኝ? ሞቶም የሚከራከር።

«እኔ አላየሁም» አለች። «አንተ አይተሃል። ሁለታችንም አትበለኝ።»

ፎጣውን ይዛ ወጣች።

ጃንዋሪ 25፣ እሁድ

ሰላም ነው። ማለቴ ጸጥታ። ጨው አቀብለኝ፣ ቁልፉ የታለ፣ ነገ ጋርቤጅ ነው፣ ቆሻሻውን አውጣ። ግድግዳው ላይ አራት ቀዳዳዎች አሉ። ዛሬ ሞላኋቸው፣ ቀለም ቀባሁ።

ፌብሩወሪ 1፣ እሁድ

ምስክርነት።

ለተስፋ ከመስካሪዎቹ ዝርዝር ስሜን እንዲሰርዝ ቴክስት አድርጌለት ነበር። ትሕትና መሰለው፤ የባሰ ወደደኝ።

ልዩ ማይኩን ይዛ ወጣች። እማማ ፊት ወንበር ላይ፣ ቀኝ ዓይናቸው እያበራ። ልዩ ጥሩ ተናገረች። ጌታን አመሰገነች። እህት ሐዳሳን አመሰገነች፣ አስነሥታ አስጨበጨበችላት። ሐኪሙን፣ ሥራ ቦታ ተተክተው የሠሩላትን፣ ወጥ ያመጡትን እህቶች አንድ በአንድ። ፈረቃዋን የለወጠችላትን ፊሊፒናዊት ሳይቀር። እናቷን ይቅርታ ጠየቀች፣ በሰው ሁሉ ፊት። አዳራሹ አለቀሰ።

ከዚያ ማይኩን ለተስፋ ሰጠች።

ተስፋ ፈገግ ብሎ፣ በማይኩ፣ «እህት ልዩ፣ ኤክሳይትመንቱ ነው መሰለኝ፣ ባለቤትሽን ረሳሽው እኮ» አለ። ሰው ሳቀ። ጎረቤቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ልነሣ ይሁን? ልናገር?

ልዩ መለስ ብላ ወደ ማይኩ ጎንበስ አለች።

«አልረሳሁትም» አለች። ሄዳ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ትከሻዬ ላይ የነበረው እጅ ተነሣ። ተስፋ ደብተሩን አገላበጠና የወጣቶችን የስፖርት ቀን ማስታወቂያ አነበበ፤ ሁለት ጊዜ።

ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም። «ልክ ናት» አልኩ። ማይክ አልነበረኝም። ግን የሰማ ሰምቷል። ተቀመጥኩ።

ስንወጣ ወጥ የሰጠን የለም።

ፌብሩወሪ 5፣ ሐሙስ

ሁለተኛው ዓይን።

ትናንት ጠዋት ልዩ ጫማዋን እያሰረች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ነገ ሥራ አለኝ። አንተ ውሰዳት» አለች። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የእሷን መኪና ቁልፍ፤ የእኔ መኪና መቀመጫ ለእማማ ጉልበት ስለማይመች። ይሄ ብቻ ነው ያለችው። እኔ ግን ሥራ ቦታ ሁሉ ስደግመው ዋልኩ።

አዲሰን ደረስን። ገቡ፣ ጠበቅኩ፣ ወጡ። ነርሷ ጠብታውን በየስንት ሰዓት እንደማደርግላቸው አስረዳችኝ፤ አስደገመችኝ፤ ደገምኩላት። ሕመም ከበረታባቸው ወዲያው ደውሉ አለች።

ስንመለስ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ግራ ዓይናቸው ተሸፍኗል፣ ቀኙ መንገዱን ያያል። ያመዎታል እማማ? አልኳቸው። ምንም፣ ደህና ነኝ፣ ለእኔ ብለህ አትጨነቅ አሉ። ድሮ ቢሆን «ተመስገን» ብዬ ሬዲዮ እከፍት ነበር። እጃቸውን አየሁት። የበሩን እጀታ ጭብጥ አድርገው ይዘዋል።

ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፓርክ አደረግኩ። ሞተሩን አጠፋሁ።

«እማማ። እያየሁዎት ነው።»

መንገዱን አዩ። እጃቸውን አዩ። ከዚያ እኔን።

«ትንሽ» አሉ። «ትንሽ ያመኛል።»

ስልኬን አወጣሁ፣ ለክሊኒኩ ከመደወሌ በፊት መጀመሪያ ለልዩ ደወልኩ።